የዌብሳይታችሁ ፋይሎች በማን ስም ናቸው? በጋራ ሰርቨር ላይ የፐርሚሽን ጣጣን መፍቻ

«ዌብሳይቱ እስከ ትናንት ማታ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ 403 ይላል።» «ፎቶ ልጭን ስል እምቢ አለኝ።» «ዎርድፕሬሱን አፕዴት ላድርግ ስል የኤፍቲፒ ፓስዎርድ አምጣ አለኝ።» የድርጅት፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የዕድር ዌብሳይት እንዲከታተል ኃላፊነት የተሰጠው ሰው ከእነዚህ አንዱ ሳይደርሰው አይቀርም። ሦስቱ የተለያዩ ቢመስሉም ብዙውን ጊዜ ምንጫቸው አንድ ነው፦ ፋይሉ በአንድ ዩዘር ስም ተመዝግቧል፤ ሊያነበው ወይም ሊጽፍበት የመጣው ፕሮግራም ደግሞ በሌላ ዩዘር ስም ይሠራል።

ይህ ሲያጋጥም የሚሰጠው የተለመደ ምክር «777 አድርገው» የሚል ነው። ምክሩ ከአፍ ወደ አፍ የሚሄደው አንዳንዴ ስለሚሠራ ነው፤ ጉዳቱም እዚያው ላይ ነው። ፈቃድ ለሁሉም ከተሰጠ የሚከለከል አይኖርም። ፋይሉ በተሳሳተ ስም መመዝገቡ ግን እንዳለ ይቀራል፤ ነገ በሌላ ፎልደር ላይ ተመልሶ ይመጣል። እስከዚያው ድረስ በዚያው ሰርቨር ላይ ያለ የማታውቁት ሰው ፋይላችሁ ላይ የሚጽፍበት ዕድል ተከፍቷል።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ከቁጥር አይጀምርም፤ ከስም ይጀምራል። ጠያቂው ማን ነው? ባለቤቱስ? መንገድ ላይ የሚያግድ ፎልደር አለ? እነዚህ ከታወቁ ቁጥሩን መወሰን የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የሊኑክስ ትዕዛዞችን እዚህ እንደሚነበቡ ነው የጻፍኳቸው። ተርሚናል ላይ በላቲን ትንንሽ ፊደላት ይጻፋሉ፤ ትልቅ ፊደል የሚያስፈልግበትን ቦታ ለይቼ እናገራለሁ።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና አሁን ያለውን ሁኔታ መዝግቡ። ፋይሎቹን ባክአፕ ማድረግ ብቻውን አይበቃም፤ ባለቤትነቱና ፐርሚሽኑም መመዝገብ አለበት። ተርሚናል ካላችሁ «ጌትኤፍኤሲኤል» የሚለው ትዕዛዝ ከትልቁ «አር» ጋር ሲሰጥ የአንድን ፎልደር ውስጥ ሁሉ እየዞረ የእያንዳንዱን ፋይል ባለቤት፣ ግሩፕና ፐርሚሽን ይዘረዝራል። ውጤቱን ወደ አንድ የጽሑፍ ፋይል ላኩትና ከዌብሳይቱ ፎልደር ውጭ አስቀምጡት። ነገሩ ከተበላሸ «ሴትኤፍኤሲኤል» በ«ሪስቶር» አማራጩ ያንን ፋይል አንብቦ እንደነበረ ይመልስላችኋል። ባለቤትነትን ጭምር እንዲመልስ ግን ሩት (ሰርቨሩ ላይ ሁሉም ነገር የተፈቀደለት ዩዘር) መሆን ያስፈልጋል። ተርሚናል የሌላችሁ ደግሞ የፋይል ማናጀሩን የፐርሚሽን ዓምድ በስክሪንሾት ያዙት፤ ከምንም ይሻላል።

ኤረሩ ምን አለ?

ዌብሳይቱን ለከፈተ ሰው የሚታየው 403 ወይም 500 ምክንያቱን አይናገርም። ምክንያቱ ያለው ሎጉ ውስጥ ነው። ሲፓነል ያላችሁ «ሜትሪክስ» ከሚለው ክፍል «ኤረርስ» የሚለውን ክፈቱ። የራሳችሁ ቪፒኤስ (ለብቻችሁ የተከራያችሁት ቨርቹዋል ሰርቨር) ከሆነ የአፓቼ ወይም የኤንጂንኤክስ ኤረር ሎግ «ቫር» ውስጥ፣ «ሎግ» በሚለው ፎልደር ስር ይገኛል። ሎጉን ከፍታችሁ ገጹን እንደገና ጫኑት፤ መጨረሻ ላይ የተጨመረው መስመር የእናንተ ነው።

እዚያ መስመር ላይ 13 ቁጥርንና ቀጥሎ «ፐርሚሽን ዲናይድ» የሚለውን ካያችሁ ጉዳዩ በእርግጥም የፐርሚሽን ነው፤ 13 ሊኑክስ ራሱ ለክልከላ የሚጠቀምበት ቁጥር ነው። አፓቼ ላይ ኤኤች00035 የሚል ኮድ አብሮ ከመጣ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ጠበብ ይላል፦ ወደ ፋይሉ ከሚወስዱት ፎልደሮች አንዱ ማለፊያ ከልክሏል ማለት ነው፤ ፋይሉ ራሱ ምንም ላይኖርበት ይችላል። ኤኤች01630 ከሆነ ግን ፐርሚሽን መነካካቱን ተዉት። ያ በአፓቼ ኮንፊገሬሽን ወይም በኤችቲአክሰስ ፋይል የተጻፈ ክልከላ ነው። ኤኤች01276 የሚለውም እንደዚሁ፤ ፎልደሩ ውስጥ ኢንዴክስ ፋይል የለም፣ ዝርዝር ማሳየትም ተዘግቷል ማለት ነው። ሞድሴኪዩሪቲ የተባለው ጠባቂ የከለከለው ጥያቄም 403 ሆኖ ነው የሚታየው። ሎጉን ሳያዩ ፐርሚሽን የሚቀያይሩ ሰዎች ግማሽ ቀን የሚያጠፉት እነዚህ ላይ ነው።

የፎቶ መጫን ችግር ከሆነ ዲስኩ መሙላቱንም ተመልከቱ። «ዲኤፍ ሰረዝ ኤች» የቀረውን ቦታ፣ «ዲኤፍ ሰረዝ አይ» ደግሞ የቀረውን የፋይል ብዛት ያሳያል። ብዙ የጋራ ሆስቲንጎች በጊጋባይት ብቻ ሳይሆን በፋይል ቁጥርም ይገድባሉ፤ የካሽ ፎልደር በጥቃቅን ፋይሎች ሲሞላ ቦታ እያለ መጻፍ ይከለከላል።

ጠያቂው ማን ነው?

ሰርቨር ላይ የሚሠራ እያንዳንዱ ፕሮግራም የአንድ ዩዘር ስም ይዞ ነው የሚሠራው። ዎርድፕሬስ ፎቶ ሲያስቀምጥ የሚጽፈው ፒኤችፒ ነው፤ እናንተ በኤፍቲፒ ስትጭኑ የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። ሁለቱ አንድ ስም ከያዙ ሰላም ነው፤ ከተለያዩ ጣጣው ይጀምራል።

በሲፓነል በሚሸጡ የጋራ ሆስቲንጎች ላይ ፒኤችፒ አብዛኛውን ጊዜ በእናንተው በአካውንቱ ስም ይሠራል። አፓቼ ግን «ኖባዲ» በሚባል የራሱ ዩዘር ስም ነው የሚሠራው። ይህ ልዩነት ብዙ ሰው ግራ የሚያጋባ ነገር ያመጣል፦ ገጹ ይከፈታል፣ ጽሑፉ ይታያል፣ ፎቶውና የሲኤስኤስ ፋይሉ ግን 403 ይላሉ። የፒኤችፒ ፋይል 600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፍበት) ቢሆንም የሚያነበው የእናንተን ስም የያዘው ፒኤችፒ ስለሆነ ይሠራል። ፎቶውን የሚያነበው ግን አፓቼ ነው፤ ለእሱ 600 ዝግ ነው። ስለዚህ «ገጹ አለ፣ ፎቶው የለም» የሚል ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ የፎቶዎቹን ፐርሚሽን እዩ።

የራሳችሁ ቪፒኤስ ላይ ደግሞ ዲቢያንና ኡቡንቱ ለአፓቼም፣ ለኤንጂንኤክስም፣ ለፒኤችፒም አንድ ዩዘር ይጠቀማሉ፤ ስሙ ሦስት ደብልዩ፣ ሰረዝ፣ ዳታ ነው (ለአጭሩ «ዌብ ዩዘር» ልበለው)። በሬድሃት ቤተሰብ ማለትም በአልማሊኑክስ፣ በሮኪና በመሳሰሉት አፓቼ «አፓቼ» በሚባል፣ ኤንጂንኤክስ «ኤንጂንኤክስ» በሚባል ዩዘር ይሠራል። እዚህ አንድ የታወቀ ወጥመድ አለ፦ ኤንጂንኤክስ ጭናችሁ ፒኤችፒ-ኤፍፒኤምን እንዳለ ከተዋችሁት፣ ፒኤችፒው «አፓቼ» በሚለው ስም ነው የሚሠራው፤ አፓቼ ሰርቨሩ ላይ ባይኖርም። ፎልደሮቹን ሁሉ ለኤንጂንኤክስ ዩዘር ሰጥታችሁ ፎቶ አልጫን ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ለማረጋገጥ «ፒኤስ ኤዩኤክስ» የሚለውን ትዕዛዝ ስጡና የግራውን ዓምድ አንብቡ። ዋናው ፕሮሰስ ሩት ሆኖ ይታያል፤ እሱን እለፉት፣ ሥራውን የሚሠሩት ከሥሩ ያሉት ናቸው። ተርሚናል ከሌላችሁ ደግሞ ቀላሉ መንገድ ፒኤችፒው ራሱ ፋይል እንዲፈጥር ማድረግ ነው። በዎርድፕሬስ አንድ ፎቶ ጫኑ፤ ከተሳካ የዚያ ፎቶ ባለቤት የፒኤችፒ ስም ነው። ካልተሳካ «ቴምፕ» ፎልደር ውስጥ ባዶ ፋይል የሚፈጥርና ባለቤቱን የሚያሳይ ሁለት መስመር የፒኤችፒ ኮድ ጽፋችሁ በብሮውዘር ክፈቱት፤ ስታበቁም አጥፉት።

ባለቤቱስ? አሥሩን ፊደላት ማንበብ

«ሲኤችሞድ» እና «ሲኤችኦውን» የሚባሉት ሁለቱ ትዕዛዞች በቤል ላብራቶሪ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1971 በወጣው በመጀመሪያው የዩኒክስ መመሪያ ውስጥ አሉ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈው ነገር ዛሬም እንዳለ የሚሠራው ቀላል ስለሆነ ነው።

«ኤልኤስ ሰረዝ ኤል» ብላችሁ ስትጽፉ እያንዳንዱ መስመር በአሥር ምልክቶች ይጀምራል። የመጀመሪያው ዓይነቱን ይነግራል፦ «ዲ» ከሆነ ፎልደር፣ ሰረዝ ከሆነ ፋይል፣ «ኤል» ከሆነ ወደ ሌላ ቦታ የሚጠቁም ሊንክ። የቀሩት ዘጠኙ ሦስት ሦስት እየሆኑ ይከፈላሉ፤ የባለቤቱ፣ የግሩፑ፣ የሌላው ሰው ሁሉ። «አር» ማንበብ ነው፣ ዋጋው 4፤ «ደብልዩ» መጻፍ፣ 2፤ «ኤክስ» ማስኬድ፣ 1። ስለዚህ 644 ማለት ባለቤቱ ያነባል ይጽፋል፣ ሌሎቹ ያነባሉ ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ እንይ። የአንድ ፋይል መስመር በሰረዝ ይጀምርና «አር ደብልዩ ሰረዝ፣ አር ሰረዝ ሰረዝ፣ አር ሰረዝ ሰረዝ» ይላል፤ ቀጥሎም «ሩት ሩት» የሚል አለ። ቁጥሩ 644 ነው፤ ትክክል ነው። ዌብሳይቱም ይከፈታል። አፕዴት ግን አይሆንም፤ ምክንያቱም ባለቤቱም ግሩፑም ሩት ስለሆነ ፒኤችፒ የሚመደበው ከ«ሌላው ሰው» ጋር ነው፣ ለሌላው ሰው ደግሞ ማንበብ ብቻ ነው የተፈቀደው። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው እዚህ ላይ «ሁሉም ልክ ነው» ብሎ ያልፋል። ፋይሉ እንዲህ የሆነው አንድ ሰው በ«ሱዱ» ዚፕ ስለፈታ ወይም በሩት ገብቶ «ጊት ፑል» ስላደረገ ነው፤ ሩት የፈጠረው ፋይል የሩት ነው።

ሊኑክስ ሦስቱን ክፍሎች አይደምርም። ጠያቂው ባለቤቱ ከሆነ የመጀመሪያውን ብቻ ያያል፤ ባለቤት ሳይሆን የግሩፑ አባል ከሆነ ሁለተኛውን ብቻ፤ ሁለቱንም ካልሆነ ሦስተኛውን። ለሌላው ሰው የተፈቀደ ነገር ለግሩፑ ከተከለከለ፣ የግሩፑ አባል ከሌላው ሰው ያነሰ መብት ይኖረዋል።

ፎልደር ላይ ሦስቱ ፊደላት ትርጉማቸው ይለወጣል፤ አብዛኛው ስህተት የሚመጣውም ከዚህ ነው። «አር» በውስጡ ያሉትን ስሞች መዘርዘር፣ «ኤክስ» አልፎ መግባት፣ «ደብልዩ» ደግሞ አዲስ ነገር መፍጠር፣ ስም መቀየርና ማጥፋት ነው። ፋይል ማጥፋት የሚፈቀደው በፋይሉ ፐርሚሽን ሳይሆን ባለበት ፎልደር ፐርሚሽን ነው። 444 ያደረጋችሁትን ኮንፊግ ፋይል ፎልደሩ ላይ መጻፍ የሚችል ሰው ያጠፋዋል፤ በምትኩም የራሱን ያስቀምጣል።

ይህ ሕግ በጋራ ሆስቲንግ ላይ ለእናንተም ይጠቅማል። «ሲኤችኦውን» የሩት ሥራ ስለሆነ በተራ አካውንት አይፈቀድላችሁም። ነገር ግን በእናንተ ፎልደር ውስጥ ያለ፣ ማንበብ የምትችሉት የሌላ ዩዘር ፋይል ካለ ኮፒ አድርጉት፤ ኮፒው የእናንተ ነው። ከዚያ የድሮውን አጥፍታችሁ ኮፒውን በስሙ ሰይሙት። ሙሉ ፎልደር ከሆነም እንዲሁ ኮፒ አድርጋችሁ የድሮውን ስም ቀይሩለት፤ ውስጡ ባዶ ካልሆነ ግን ማጥፋት አትችሉምና ያንን ለድጋፍ ክፍሉ ተዉት።

ከስም ይልቅ 1003 ዓይነት ቁጥር ከታያችሁ ፋይሉ ብዙውን ጊዜ ከሌላ ሰርቨር የመጣ ነው። ሊኑክስ የሚመዘግበው ቁጥር እንጂ ስም አይደለም፤ በሩት የተፈታ ታር ፋይል የድሮውን ሰርቨር ቁጥር ይዞ ይመጣል። ሰርቨር በምትቀይሩበት ጊዜ «ኖ ሴም ኦውነር» የሚለውን አማራጭ ጨምሩበት።

መንገዱ ክፍት ነው?

ወደ አንድ ፋይል መድረስ በተከታታይ ግቢዎች ውስጥ እንደማለፍ ነው፤ የመጨረሻው በር ወለል ብሎ ቢከፈት እንኳ የመጀመሪያው ከተቆለፈ አይደረስም። ይህንን በአንድ ትዕዛዝ የሚያሳይ አለ፦ «ኔምአይ ሰረዝ ኤል» ብላችሁ የፋይሉን ሙሉ አድራሻ ስጡት። ከስር ፎልደሩ (ከሁሉም በላይ ካለው) እስከ ፋይሉ ድረስ ያለውን እያንዳንዱን ፎልደር፣ ባለቤቱንና ፐርሚሽኑን በየመስመሩ ያወጣዋል። ከላይ ወደ ታች እያነበባችሁ «ጠያቂው እዚህ ላይ ኤክስ አለው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሌለበት የመጀመሪያው መስመር ጥፋተኛው ነው። ሥራውን ያህል የማይታወቅ ትዕዛዝ ነው።

በጣም የተለመደው ጥፋተኛ የሆም ፎልደር ነው። ኡቡንቱ ከ21.04 ጀምሮ አዲስ የሚፈጠር ሆም ፎልደርን 750 አድርጎታል፤ ከዚያ በፊት 755 ነበር። በድሮ ኡቡንቱ ላይ ዌብሳይቱን ሆም ውስጥ አስቀምጦ ያሠራ የነበረ ሰው አዲሱ ላይ ያንኑ ሲያደርግ 403 ያገኛል፤ የራሱን ፋይሎች አንድ በአንድ ቢፈትሽ ምንም አያገኝባቸውም። የሚሻለው ዌብሳይቱን «ቫር» ውስጥ በሦስት ደብልዩ ወደተሰየመው ፎልደር ማዛወር ነው። ካልሆነ ሆሙን 711 ማድረግ ይቻላል፤ ሌሎች ያልፋሉ፣ መዘርዘር ግን አይችሉም። ከዚያም ጠበብ ማድረግ ከፈለጋችሁ በ«ሴትኤፍኤሲኤል» ለዌብ ዩዘሩ ብቻ ኤክስ ስጡት።

በሲፓነል ላይ ደግሞ «ፐብሊክ ኤችቲኤምኤል» የተባለው ፎልደር ብዙውን ጊዜ 750 ሆኖ ግሩፑ «ኖባዲ» ነው። ይህ ስህተት አይደለም፤ አፓቼ የሚገባው በዚያ ግሩፕ በኩል ነው። ዌብሳይቱን ከባክአፕ ስትመልሱ ፎልደሩን አጥፍታችሁ እንደ አዲስ ከፈጠራችሁት ግሩፑ ይቀየርና በ750 እንደሆነ 403 ይመጣል። ውስጡን አጽዱ እንጂ ፎልደሩን ራሱን አታጥፉት።

አሁን ማስተካከል

ስሙ ይቀድማል። ቪፒኤስ ላይ «ሲኤችኦውን» በትልቁ «አር» የዌብሳይቱን ፎልደር ባለቤት ለእናንተ፣ ግሩፑን ለዌብ ዩዘሩ ስጡ። ትዕዛዙን ከመምታታችሁ በፊት የጻፋችሁትን አድራሻ ሁለት ጊዜ አንብቡት፤ አድራሻው ላይ አንድ ክፍት ቦታ ሾልኮ ገብቶ ትዕዛዙ ከስር ፎልደሩ ከጀመረ ሰርቨሩን ከነነፍሱ ነው የምታጡት።

ቀጥሎ ቁጥሩ፦ ፎልደር 755፣ ፋይል 644። ሁለቱን በአንድ «ሲኤችሞድ ትልቁ አር» ለማድረግ አትሞክሩ። ሁሉንም 644 ካላችሁ ፎልደሮቹ ኤክስ ያጡና ዌብሳይቱ ይሞታል፤ ሁሉንም 755 ካላችሁ ፎቶው ሳይቀር የሚኬድ ፋይል ይሆናል። ለይቶ የሚሠራው «ፋይንድ» ነው፦ በ«ታይፕ ዲ» ፎልደሮቹን ብቻ ፈልጎ 755፣ በ«ታይፕ ኤፍ» ፋይሎቹን ብቻ ፈልጎ 644 እንዲያደርግ ታዙታላችሁ። ትልቁን «ኤክስ» በመጠቀም በአንድ ትዕዛዝ የሚያሳጥሩ አሉ፤ እሱ ለፎልደሮችና ቀድሞ ኤክስ ላለው ፋይል ብቻ ነው ኤክስ የሚሰጠው። ከዚህ በፊት 777 የተደረገ ዌብሳይት ላይ ግን ሁሉም ፋይል ኤክስ ስላለው አያጸዳላችሁም። እዚያ ላይ «ፋይንድ» ነው መፍትሔው። የኤፍቲፒ ተጠቃሚዎች ፋይልዚላ ላይም ይህንኑ መለያየት ታገኛላችሁ፤ ቁጥሩ በምን ላይ እንደሚሠራ ሲጠይቃችሁ «ፎልደሮች ብቻ» ወይም «ፋይሎች ብቻ» የሚለውን ምረጡ።

የዳታቤዝ ፓስዎርድ ያለበት «ደብልዩፒ-ኮንፊግ» የሚባለው ፋይል ለብቻው ይታያል። ፒኤችፒ በእናንተ ስም የሚሠራ ከሆነ 600 ይበቃዋል። በዌብ ዩዘሩ ስም የሚሠራ ከሆነ ባለቤቱ እናንተ፣ ግሩፑ ዌብ ዩዘሩ ሆኖ 640።

ፎቶ የሚጫንበት «አፕሎድስ» ፎልደርስ? ፒኤችፒ በእናንተ ስም የሚሠራ ከሆነ ምንም ለውጥ አያስፈልገውም። በሌላ ስም ከሆነ ፎልደሮቹን 775 አድርጉ፤ ግሩፑ ዌብ ዩዘሩ ስለሆነ ይጽፋል። ኮዱ ያለባቸውን ፎልደሮች ግን ለፒኤችፒ መጻፊያ ማድረግ ላይ እኔ እጄን እሰበስባለሁ። በአንድ የተበላሸ ፕለጊን በኩል የገባ ሰው ኮዱ ላይ መጻፍ ከቻለ ዌብሳይቱ የእሱ ነው። በአንጻሩ ካልተፈቀደለት ዎርድፕሬስ ራሱን አፕዴት ማድረግ አይችልም፤ ያልታደሰ ዎርድፕሬስም አደጋ ነው። ቪፒኤስ ያለው ሰው ከዚህ አጣብቂኝ በከፊል የሚወጣበት መንገድ አለ፦ ለእያንዳንዱ ዌብሳይት የራሱ ዩዘርና የራሱ የፒኤችፒ-ኤፍፒኤም ፑል። የአንዱ መጠለፍ ለሌላው አይተርፍም፣ አፕዴቱም ይሠራል።

የኤፍቲፒ ፓስዎርድ ጥያቄውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ዎርድፕሬስ አንድ ጊዜያዊ ፋይል ፈጥሮ የእሱን ባለቤት ከራሱ ኮድ ባለቤት ጋር ያነጻጽራል፤ ካልተመሳሰሉ በኤፍቲፒ ልግባ ይላል። ኮንፊጉ ላይ «ኤፍኤስ ሜተድ» የሚለውን «ዳይሬክት» አድርጉ የሚል ምክር ታገኛላችሁ። ጥያቄውን ያስቀረዋል፤ የመጻፍ መብት ግን አይሰጥም። ባለቤትነቱ ከተስተካከለ ጥያቄው ራሱ አይመጣም።

ስለ 777 አንድ የመጨረሻ ነገር። ኮዱን በአካውንቱ ስም የሚያስኬዱትን ሱኤግዜክን ወይም ሱፒኤችፒን በሚጠቀሙ ሰርቨሮች ላይ ሌላ ሰው ሊጽፍበት የሚችል ፋይል እንዲኬድ አይፈቀድም፤ ውጤቱ 500 ነው። ማለትም ችግር ይፈታል የተባለው ቁጥር ራሱ ችግር ይሆናል። ሆም ፎልደራችሁን 777 ካደረጋችሁት ደግሞ ኤስኤስኤች ቁልፋችሁን አልቀበልም ይላል፤ ሆሙ ላይ ሌላ ሰው መጻፍ ከቻለ ቁልፉን አያምነውም። በሩቅ የምታስተዳድሩት ሰርቨር ላይ በፓስዎርድ መግባትም ከተዘጋ ውጭ ቀራችሁ ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሠራበት ሰርቨር

ሁለት ሦስት ሰው አንድ ዌብሳይት ላይ ሲሠራ የአንዱን ፋይል ሌላው መቀየር ያቅተዋል፤ ከዚያ ሁሉም በ«ሱዱ» መሥራት ይጀምራል፣ ፋይሉም የሩት ይሆናል። ይህን የሚያቆመው የጋራ ግሩፕ ነው። ግሩፕ ፍጠሩ፣ ሰዎቹን አስገቡ። «ዩዘርሞድ» ስትጠቀሙ ከትልቁ «ጂ» በፊት ትንሿን «ኤ» አትርሱ፤ ካልተጻፈች ሰውየው ከነበረባቸው ሌሎች ግሩፖች ሁሉ ይወጣል፣ የሱዱ መብቱንም ሊያጣ ይችላል። የገባው ሰው ወጥቶ እስኪገባ አዲሱ ግሩፕ አይታወቅለትም፤ «አይዲ» የሚለው ትዕዛዝ ያለበትን ግሩፕ ያሳየዋል። ፒኤችፒ-ኤፍፒኤምንም ግሩፕ ውስጥ ካስገባችሁት ሪስታርት አድርጉት።

ከዚያ ፎልደሮቹን 2775፣ ፋይሎቹን 664። ፊት ላይ ያለው 2 ማለት በዚህ ፎልደር ውስጥ የሚፈጠር ሁሉ የፎልደሩን ግሩፕ ይውረስ ማለት ነው። ይህ ግን ግሩፑን እንጂ የመጻፍ መብቱን አያወርስም። እሱን የሚወስነው «ዩማስክ» ነው፤ 022 ከሆነ አዲስ ፋይል 644 ሆኖ ይወለዳል፣ 002 ከሆነ 664። ዩማስክ በየሰውና በየፕሮግራሙ ስለሚለያይ አስተማማኙ በ«ሴትኤፍኤሲኤል» ፎልደሩ ላይ ዲፎልት ፈቃድ ማስቀመጥ ነው። አንድ ሾልኮ የሚያልፍ ነገርም አለ፦ ከሌላ ቦታ በ«ኤምቪ» ያዛወራችሁት ፋይል የድሮ ግሩፑን ይዞ ይመጣል፤ በ«ሲፒ» ኮፒ ያደረጋችሁት የአዲሱን ይወስዳል።

ጊት የምትጠቀሙም፣ ከስሪት 2.35.2 ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ጊት በሌላ ሰው ስም የተመዘገበ ፎልደር ውስጥ አልሠራም ማለቱን አስተውላችሁ ይሆናል። መልእክቱ ራሱ ማለፊያውን ትዕዛዝ ስለሚሰጥ ሰው ገልብጦት ያልፋል። ከማለፋችሁ በፊት ፎልደሩ ለምን በሌላ ስም እንደሆነ ተመልከቱ።

ሁሉም ልክ ሆኖ እምቢ ሲል

ባለቤቱ ልክ፣ ቁጥሩ ልክ፣ መንገዱ ክፍት፤ ሆኖም 13 አሁንም ሎጉ ላይ አለ። በሬድሃት ቤተሰብ ሰርቨር ላይ ከሆናችሁ ከፐርሚሽኑ ሌላ የራሱን ክልከላ የሚጥለውን ኤስኢሊኑክስን ጠርጥሩ። «ኤልኤስ ትልቁ ዜድ» የእያንዳንዱን ፋይል መለያ ያሳያል። ከሆም ፎልደር በ«ኤምቪ» የመጣ ፋይል የሆም መለያውን ይዞ ስለሚመጣ አፓቼ አይነካውም፤ «ሪስቶርኮን» ይመልሰዋል። ፎቶ የሚጫንበት ፎልደር ደግሞ መጻፍ የሚፈቅደው ልዩ መለያ ያስፈልገዋል። ኤስኢሊኑክስን ጨርሶ መዝጋት መፍትሔ ተብሎ ይመከራል፤ ምክንያቱን ለማወቅ ለአንድ ደቂቃ ማላላት ይቻላል፣ ዘግቶ መተው ግን ሌላ 777 ነው።

ከአሥሩ ምልክቶች ቀጥሎ የመደመር ምልክት ካለ ተጨማሪ የኤሲኤል ፈቃድ አለ፤ በ«ጌትኤፍኤሲኤል» አንብቡት። ሩት ሆናችሁም ፋይሉ አልጠፋ ካለ «ኤልኤስአትር» በሉት፤ «አይ» የሚል ፊደል ካለበት እንዳይነካ ታስሯል። ያሰረው የቀድሞው አስተዳዳሪ ሊሆን ይችላል፤ ዌብሳይቱን የጠለፈ ሰውም ፋይሉ እንዳይጠፋበት እንዲህ ያደርጋል፤ ከመፍታታችሁ በፊት ፋይሉን ከፍታችሁ አንብቡት።

በጋራ ሆስቲንግ ላይ ያላችሁ ደግሞ ከዚህ በኋላ ያለው የድጋፍ ክፍሉ ሥራ ነው። «ዌብሳይቴ አይሠራም» ብላችሁ አትጻፉ። የፋይሉን ሙሉ አድራሻ፣ ባለቤቱንና ቁጥሩን፣ የሎጉን መስመር ከነሰዓቱ አስቀምጡና አንድ ነገር ጠይቁ፦ ፒኤችፒ በአካውንቴ ላይ በማን ስም ነው የሚሠራው? በሌላ ስም የተመዘገበ ፋይል ካለ ባለቤትነቱን ወደ አካውንቴ መልሱልኝ በሉ። ይህን የሚያውቅ የድጋፍ ሠራተኛ ሥራውን በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል። «ፎልደሩን 777 ያድርጉት» የሚል መልስ ከመጣላችሁ ግን ባክአፓችሁን ይዛችሁ ሌላ ሆስቲንግ ፈልጉ።